ወጌሻው አህያ እና ሦስቱ አጥንቶች

አንድ ጊዜ፣ የሐምሌ ዝናብ አላባራ ባለበት ሰሞን፣ ጅብ፣ ቀበሮ፣ አህያና እማማ ኤሊ በአያ አንበሳ ዋሻ ተጠለሉ። አህያና ጅብ በአንድ ጣሪያ ሥር! ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ አንበሳ «በዋሻዬ ውስጥ ማንም ማንንም አይበላም» ብሎ ስላወጀ ነው።

መቀመጥ ሲሰለቻቸው እማማ ኤሊ ጨዋታ አመጣች። እሷ ተረት ትተርካለች፤ ሌሎቹ በተረቱ ውስጥ ገብተው ጫካ ያቋርጣሉ፣ ዘንዶ ይገጥማሉ። መምታት አለመምታታቸውን የሚወስነው ነጥብ የተጫረበት ጠጠር ነው፤ ተወርውሮ ነጥቡ ወደ ላይ ከሆነ መቱ፣ ካልሆነ ሳቱ። ከተቀመጠበት የሚነሳ የለም። ጀግንነት እንዲህ ሲሆን ደግሞ ፈሪ አይገኝም።

«እኔ ጦረኛ ነኝ» አለ አንበሳ። ማን ይከራከረዋል?

«እኔም ጦረኛ! ትልቅ መጥረቢያ ስጡኝ!» አለ ጅብ።

«እኔ ሰላይ» አለች ቀበሮ። ለእሷ እንኳ ይህ ጨዋታ አይደለም፤ የዕለት ሥራዋ ነው።

«የወደቀውን የሚያነሳ ወጌሻስ ማን ይሁን?» ስትል ኤሊ ጠየቀች።

ሁሉም ወደ አህያ ዞሩ። የሚሸከሙት ነገር ሲመጣ ሌላ ወደ ማን ሊዞሩ ኖሯል?

ኤሊ ከዋሻው ወለል ሦስት ደረቅ አጥንቶች ለቅማ አህያ ፊት ደረደረች። «እያንዳንዷ አጥንት አንድ መድኃኒት ናት። ለወደቀ ስትሰጠው ይነሳል፤ አጥንቷም የእሱ ትሆናለች» አለችው። አህያ አጥንቶቹ የማን እንደነበሩ ለመጠየቅ አልደፈረም።

ጅብ አጥንቶቹን አይቶ ምራቁን ዋጠ። «አያ አንበሳ፣ አንድ ሕግ ይጨመርልን» አለ። «ከተሸነፍን ወጌሻው ከዋሻው ይውጣ። አለበለዚያ ሥራውን በቁም ነገር አይይዘውም።»

«ይሁን» አለ አንበሳ እያዛጋ።

አህያ ወደ ደጅ ተመለከተ። ደጅ ያሉት ዝናቡና የአያ ጅቦ ዘመዶች ናቸው። ከዝናቡ ጋር እንኳ ተስማምቶ ማደር ይቻላል።

ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። ጆሮው ሰፊ ስለሆነ ብዙም አልተቸገረች። «አዲስ ስለሆንክ ልምከርህ፤ ጥሩ ወጌሻ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል። እምቢ ካልክ ስስታም ይሉሃል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ አህያ፣ ከልቡ።

ጨዋታው ተጀመረ።

«ጫካ ውስጥ ገባችሁ...» ብላ ኤሊ ሳትጨርስ ጅብ ጮኸ።

«ውይ እግሬን! ወጌሻ ድረስልኝ!»

«ምነው? ገና ምንም አላልኩም እኮ!» አለች ኤሊ።

«ጫካ አልሽ አይደል? እሾህ የሌለው ጫካ የት አለ?»

አህያ ስስታም እንዳይባል አንዷን አጥንት ገፋ አደረገለት። ቀርጨም፣ ቀርጨም። ጅብ ወዲያው ዳነ፤ እንዲህ ያለ ፈጣን መድኃኒት ታይቶም አይታወቅ።

ወንዙን ሲሻገሩ ደግሞ ቀበሮ «ብርድ መታኝ መሰለኝ» ብላ እህ፣ እህ አለች። ሁለተኛዋም ሄደች። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ?

አህያ ፊት የቀረችው አንዲት አጥንት ብቻ ናት። ዘንዶው ገና አልመጣም ነበር።

መጣ። አንበሳ ጠጠሩን ወረወረ፤ ሳተ። «ዘንዶው በጅራቱ መታህ፤ ወደቅህ» አለችው ኤሊ። አንበሳ ምንም አልተናገረም። ንጉሥ «አንሱኝ» አይልም፤ ጢሙ ብቻ ተንቀጠቀጠ።

የጮኸውማ ጅብ ነው። «ዘንዶው አፍጥጦ አየኝ! ደነገጥኩ! ሞትኩ! አጥንቷን ወዲህ በላት!»

«ስጠው እንጂ፣ ምነው ጨከንክ?» አለች ቀበሮ።

አህያ የሚጮኸውን አየ፤ ምንም አልሆነም። ዝም ያለውን አየ፤ ወድቋል። ፈራ፤ ግን አጥንቷን በአፍንጫው ገፍቶ አንበሳ ፊት አደረሳት።

«አያ ጅቦ» አለ፣ «የሞተ እንዲህ አይጮኽም። ጌታዬ አንበሳ፣ ይነሱ።»

አንበሳ ተነሳ፣ ጠጠሩን ወረወረ፣ ዘንዶው ሞተ።

ከዚያማ ፉከራው ጣሪያ ነካ። አንበሳ «ገደልኩት!» አለ። ቀበሮ «መንገዱን ማን አሳየህና?» አለች። ጅብ እንኳ ሳያፍር «አድክሜ የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አለ። የአህያን ስም ያነሳ አልነበረም። ቢሸነፉ ኖሮ ግን ስሙ ለአንድም አፍታ አይጠፋቸውም ነበር።

ጅብ በሦስተኛዋ አጥንት ቂም ያዘ። በማግስቱ «ወጌሻነት ምን ያቅታል? ቁጭ ብሎ አጥንት መጠበቅ ነው! ዛሬ እኔ ልሁን» አለ።

«በዚያው ሕግ?» አለው አንበሳ።

«በዚያው ሕግ!»

እማማ ኤሊ ሦስት አጥንቶች ደረደረችለት። አጥንት ለጅብ በአደራ! እሷ «ከመንደራችሁ ወጣችሁ» ስትል ቀርጨም፣ «ጫካ ገባችሁ» ስትል ቀርጨም፣ ወንዙ ዳር ሲደርሱ የመጨረሻዋም ቀርጨም። ቀጥሎ የዘንዶው ወንድም መጣ፤ አንበሳም ወደቀ። ዛሬ ግን ኩራቱን ትቶ «ወጌሻ!» ብሎ ተጣራ።

ጅብ ከንፈሩን ላሰ። «እ... እኔም ታምሜ ነበር።»

«ምን አመመህ?»

«ረሃብ።»

ተሸነፉ። አንበሳ ደጁን አየ፤ ዝናቡ ይዶፋል።

«ውጣ» አለው።

«አያ አንበሳ፣ ጨዋታ እኮ ነው!»

«ትናንት ለአህያም ጨዋታ ነበር?»

ጅብ ጅራቱን ሸጉጦ እየወጣ ሳለ ወደ አህያ ዞሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ። «ወንድምዬ፣ አንተ እንኳ አማልደኝ። የወደቀ ታነሳ የለ?»

«አያ ጅቦ፣ ባነሳዎት ደስ ባለኝ» አለ አህያ። «ምን ላድርግ፣ መድኃኒቱን በልተው ጨረሱት።»

ከዚህ የምንማረው፣ ወጌሻ የሆነ ሁሉ መድኃኒቱን ለጮኸ ሳይሆን ለወደቀ ማቆየት እንዳለበት፣ «ይህማ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው» እያለ የሚያጣጥለው ደግሞ ቦታው ሲሰጠው ደጅ እንደሚያድር ነው።