አዋሽ የሚያልቅበት ቦታ

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑም ከእኛ ብዙ ያልራቀ፣ ሆለታ ከተማ ውስጥ መምህርት አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። በየዓመቱ አዋሽን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ይስሉታል። ከጊንጪ ያስነሡታል፣ በቆቃ ያሳልፉታል፣ የአፋርን በረሃ ያስቋርጡትና አቤ ሐይቅ ላይ ሲደርሱ ጠመኔውን ያነሣሉ። «አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ እዚህ ያልቃል» ይላሉ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ወንዝ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በዓይናቸው አይተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አላየሁም አሉ። ጥያቄዋ ግን ጡረታ ከወጡም በኋላ ከሆዳቸው አልወጣችም።

ባላቸው ቀደም ብለው ዐርፈዋል። ሦስት ልጆች አሏቸው። የመጀመሪያው እንዳልካቸው የመኪና ቦዲ ሠሪ ነው፤ ብየዳው በከተማው የታወቀ ነው። ሁለተኛዋ ፍሬሕይወት መናኸሪያ ትሠራለች፤ የትኛው መንገድ በየትኛው ወር እንደሚበላሽ፣ በየትኛው ከተማ ምን እንደሚገኝ እሷ ሳትጠየቅ አውቶቡስ አይወጣም። የመጨረሻው ልሳኑ የከባድ መኪና ሾፌር ሲሆን፣ የጅቡቲን መስመር አሥራ አንድ ዓመት ተመላልሶበታል።

መምህርቷ ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ዓይናቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አላቸው። ቀኙ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ግራው በሸምበቆ ቀዳዳ አሾልቆ የማየት ያህል ጠቧል። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም እስከ መቼ እንደሚቆይ አላውቅም፣ ብቻ ጠብታውን በሰዓቱ ያድርጉ፣ መድኃኒቱም ሙቀት እንዳያገኘው ይጠንቀቁ ብሎ አሰናበታቸው። ቤታቸው ገብተው ልጆቻቸውን ሰበሰቡ።

«ዓይኔ ሳይጨልም አዋሽን ከመነሻው እስከ መጨረሻው አሳዩኝ» አሉ። «ሌላ የምጠይቃችሁ የለም።»

እናታቸው አውቶቡስ እየቀያየሩ፣ በየሆቴሉ እየወጡ እየወረዱ የሚጓዙበት አቅም እንደሌላቸው ሦስቱም ያውቃሉ። ስለዚህ እንዳልካቸው አንድ ያረጀ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ፈልጎ አገኘና ወንበሮቹን ነቃቅሎ ቤት አደረገው። አልጋ ሠራ፣ የጋዝ ምድጃ ገጠመ፣ ጣሪያው ላይ የውሃ ሮቶ አሰረ፣ ከኋላ መጸዳጃ ከለለ። እናቱ ተጋድመው ወንዙን እንዲያዩ ከአልጋው አጠገብ ያለውን መስኮት ዝቅ አድርጎ አሰፋው። ስድስት ወር ሙሉ ሌላ ሥራ አልተቀበለም፤ ደንበኞቹም ሰለቻቸውና ሌላ ጋራዥ ለመዱ። ሰፈርተኛው እየመጣ፣ ጎጆ ጎማ አበቀለች እያለ ይስቅ ነበር። እሱ ግን አይስቅም። ጠዋት ጠዋት እናቱ ቡና ሲያቀብሉት ከስኒው አጠገብ ባዶውን ሲዳስሱ ስለሚያይ፣ ቀኑ እየቀደመው እንደሆነ ገብቶታል።

ፍሬሕይወት ደግሞ መንገዱን አወጣች። ቀትር ላይ ብርሃኑ እናቷን ስለሚያሳምማቸው፣ ከንጋት እስከ ረፋድ አራት ሰዓት፣ ከዚያም ከአሥር ሰዓት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ብቻ እንዲጓዙ ወሰነች። ማረፊያዎቹንም የመረጠቻቸው ለውበታቸው አይደለም። ጠብታው እንዳይበላሽ በረዶ ይፈለጋል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣ ያለው መድኃኒት ቤት ያለበትን ከተማ ሁሉ እየደወለች አጣራች። ጊንጪ፣ ቆቃ፣ መተሐራ፣ ገዋኔ፣ ሎግያ፣ አሳይታ፣ ከዚያ ሐይቁ። እናቷ ራሳቸው እንዲያነቡት እያንዳንዱን ማረፊያ በአንድ አንድ ገጽ፣ የጣት ቁመት ባለው ፊደል ደብተር ላይ ጻፈችው።

ልሳኑ መንዳቱን ለእኔ ተዉት አለ። ፈቃድ ሲጠይቅ የጭነት ወቅት ነው ብለው ከለከሉት። በማግስቱ ቁልፉን አስረክቦ ሥራውን ለቆ መጣ።

በጥቅምት ተነሡ። ጊንጪ ላይ የአዋሽ መነሻ ከብት የረገጠው ረግረግ ሆኖ አገኙት። መምህርቷ በምርኩዛቸው ጭቃውን እየነካኩ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ይህችን ነው ወይ የሳልኩት እያሉ ደስ አላቸው። ቆቃን ቁራሽ በቁራሽ፣ አንገታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞሩ ለመጨረስ አንድ ጠዋት ሙሉ ፈጀባቸው። የአዋሽ ፏፏቴ ዳርም ተቀምጠው ነጩን አረፋ አዩ፤ ለልጆቻቸውም ድንጋዩ ከየት እንደመጣ፣ እሳተ ገሞራው መቼ እንደበረደ አስተማሯቸው። ደግ የሚባሉት ቀናት እነዚያ ብቻ ነበሩ።

ገዋኔ ሲደርሱ መብራት ከጠፋ ሦስት ቀን ሆኖታል። በረዶ የለም። ፍሬሕይወት ከመተሐራ የያዘችው በረዶ ቀልጦ ጠብታው እንደ ሻይ ሞቋል። በማግስቱ የመምህርቷ ግራ ዓይን ደም መሰለ፤ ራሳቸውን ይዘው አስመለሳቸው። ፍሬሕይወት ለሐኪሙ ደወለች፤ እሱም ዛሬውኑ ይመለሱ፣ ቀዶ ጥገና እንሞክራለን አላት።

«እንመለስ እማዬ» አለች።

«ትድናለች ብሎሻል?»

«አላለም። ምናልባት የቀረውን እናቆይ ይሆናል ነው ያለኝ።»

«በምናልባት አልመለስም» አሉ እናትየው።

እንዳልካቸው፣ ዓይኑ የሷ ነው፣ እሷ እንዳለችው ይሁን አለ። ልሳኑም ሞተሩን አስነሣ። ፍሬሕይወት ከአልጋው ሥር ተቀምጣ ጨርቅ እየነከረች ግንባራቸው ላይ ታደርግ ጀመር፤ እስከ ሎግያ ድረስ ከወንድሞቿ ጋር ቃል አልተነጋገረችም።

ከሎግያ በኋላ ሕመሙ ቀለል ያላቸው መሰለ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተጋድመዋል። ልሳኑ ግመሎቹን አየሽ ሲላቸው፣ አየሁ ይላሉ። ይህ የጥጥ እርሻ ነው ሲላቸው፣ ያምራል ይላሉ። አሳይታ ባደሩ ጠዋት ፍሬሕይወት እንደ ልማዷ ደብተሩን ሰጠቻቸው፣ የቀረውን ገጽ እንዲያነቡላት። እናትየው ተቀብለው አነበቡ፤ «አቤ ሐይቅ፤ የመጨረሻው» አሉ። ደብተሩን ግን ገልብጠው ነበር የያዙት።

ፍሬሕይወት ደብተሩን ከእጃቸው ወስዳ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ከሎግያ ጀምሮ አሉ፤ ብነግራችሁ ትመልሱኝ ነበር። ወንድሞቿን ጠርታ ነገረቻቸው። ሦስቱም መኪናው ደጃፍ ላይ ቆሙ። ከዚህ በኋላ ለማን ነው የምንሄደው አለ እንዳልካቸው። የመለሱት ከውስጥ የሰሙት እናታቸው ናቸው።

«አድርሱኝ» አሉ። «እዚህ ድረስ መጥቼ ሳልደርስ አልመለስ።»

አውቶቡሱ ከአሳይታ አልፎ ብዙ መሄድ አልቻለም፤ መንገዱ አሸዋ ሆነ። ልሳኑ ከዱሮ ጀምሮ የሚያውቀው ሁመድ የሚባል የአፋር ሰው ፒክአፕ ነበረው፤ እሱ ይዟቸው ሄደ። ረፋዱ ላይ ደረሱ።

ሐይቁ እዚያ አልነበረም። እግራቸው ሥር ያለው የተሰነጣጠቀ ነጭ የጨው ቅርፊት ነው። ወፍ የለም። የሞቱ ከብቶች አጥንት እዚህም እዚያም ተበትኗል፤ ምድሩ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ውሃው ከሩቅ፣ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ሁመድ ሦስቱን ገለል አድርጎ፣ እሱ ጎልማሳ ሳለ ውሃው አሁን እስከቆሙበት ይደርስ እንደነበር፣ ከላይ በየእርሻው እየተጠለፈ፣ ዝናቡም እያነሰ ዓመት በዓመት እንደሸሸ ነገራቸው። መምህርቷን ተጣጣፊ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ነፋሱ ሻሻቸውን ይገልጠዋል።

«ደረስን?» አሉ። «ምን ይታያችኋል?»

በመጀመሪያ የመለሰው እንዳልካቸው ነው። አጠገባቸው ተንበርክኮ፣ ውሃው ሰማያዊ ነው እማዬ አላቸው፤ ዳርቻው አይታይም። አዋሽ ከግራ በኩል ቀስ ብሎ ይገባል፤ ሲገባ ድምፅ የለውም፣ ጭቃማው ከሰማያዊው ጋር ጥቂት ተለይቶ ይሄድና ይደባለቃል። ቀያይ እግር ያላቸው ወፎች ውሃው ውስጥ ቆመዋል አለ። አይቶት የማያውቀውን ነገር ሳይደናቀፍ ተናገረ። እናቱ ወፎቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቁት። አይቆጠሩም አላቸው። ከገዋኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ፍሬሕይወት ይህን ሰምታ መቻል አቃታት። «ጋሼ፣ ይብቃህ» አለችና የእናቷን እጅ ያዘች። «ውሃ የለም እማዬ። ደርቋል። የቆምንበት ጨው ነው፤ ዱሮ ሐይቁ እዚህ ነበር አሉ። አሁን ከሩቅ ትንሽ ቀርታለች። ወፍም የለ።» እናትየው ፈገግታቸው ጠፋ። ጨዉ እንዴት ባለ መልክ እንደተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ አጥንቱ የምን እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቋት። አንድ በአንድ መለሰችላቸው። እንባቸው ወረደ፤ እጇን ግን እስኪነሡ ድረስ አልለቀቁትም።

ልሳኑ ወደ እናቱ ቀረበ። ጫማውን አወለቀ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቁጢጥ አለ። «ያዢኝ» አለ። አዘላቸውና ወደ ውሃው ሄደ። ሁመድ ቅርፊቱ አይሸከምህም፣ ተመለስ እያለ ጮኸ፤ አልተመለሰም። መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ፤ ጨዉ እግሩን ሰነጣጥቆት ደሙ ጭቃው ላይ ይታይ ነበር። ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል። ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደው ደረሱ። ጎንበስ ብሎ የእናቱን እጅ ውሃው ውስጥ ነከረው። እርሳቸውም ጣታቸውን ቀመሱ፤ እንደ ሬት መረራቸው። «አዋሽ ነው?» አሉት። «የቀረው» አላቸው። እርጥብ እጃቸውን ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩ።

ወደ ሆለታ ተመለሱ። ሐኪሙ የሚሠራ ነገር የለም አለ። መምህርት አስካለ ከዚያ በረሃ በኋላ ለሁለት ሳምንት በትኩሳት ተኙ፤ ትኩሳቱ ቢለቃቸውም እንደ ዱሮው አልተነሡም። ሊጠይቃቸው የመጣውን ሰው ስለ ጉዟቸው ያወሩታል። አንዱን ቀን ሰማያዊ ውሃና ወፍ ነው የሚያወሩት። ሌላ ቀን የተሰነጠቀ ጨው። ሌላ ቀን ደግሞ ከንፈራቸውን ይልሱና፣ ይመራል ይላሉ። ሰኔ ሲገባ ለንስሐ አባታቸው እንዲህ አሏቸው።

«መኪናውን የአዋሽን መጨረሻ ላሳየኝ ልጄ ይስጡልኝ።»

«ለየትኛው?» አሏቸው አባ።

«እነሱ ያውቁታል።»

በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

እውነትም ሦስቱም አወቁት፤ እያንዳንዱ ራሱን አወቀ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እንዳልካቸው፣ ዓይን የጠፋበት ሰው በቃል እንጂ በምን ያያል፣ እናቴ ሐይቁን ያየችው በእኔ አፍ ነው፤ መኪናውንም የሠራሁት እኔ ነኝ አለ። ፍሬሕይወት መለሰች፤ እሱ ያሳያት የሌለ ሐይቅ ነው፣ እሷ መጨረሻውን አሳዩኝ አለች እንጂ አጽናኑኝ አላለችም፤ እንደ እኔ ቢሆን ኖሮ ከገዋኔ ተመልሰን ዛሬ ዓይን ይኖራት ይሆናል አለች። ልሳኑ፣ ሁለቱ ነገሯት፣ እኔ አደረስኳት፣ እጇ አውቆታል አለና ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹም ተከፋፈሉ። አንዱ፣ ለሚሞት ሰው መዋሸትን ማን ፈቀደ አሉ። ሌላው፣ ዓይኗ ለጠፋ እናት ሐይቁንም ደረቀ ብሎ መንገር ምን የሚሉት ልጅነት ነው አሉ። ሦስተኛው የልሳኑን የእግር ጠባሳ አይተው አለቀሱ፤ ነገር ግን በዚያ የቀትር ፀሐይ አሮጊት አዝሎ መሄዱ አይደለም ወይ የገደላት የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ፤ የተናገረውም ሰው አልታወቀም። ሽጠው ይካፈሉት የሚል ሐሳብ ቢመጣ፣ አባ የሟች ቃል አይሸራረፍም ብለው ከለከሉ። ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ሦስት ጊዜ ሳይፈርዱ ተነሡ።

ከዚያ ወዲህ ሦስቱ አይነጋገሩም። የእናታቸውን ሙት ዓመት እንኳ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቀን፣ በሦስት ቤት ለየብቻ አወጡት። መኪናው ጊቢው ውስጥ ቆሞ ጎማው ምድር ገብቷል።

እኔ የሰማሁትን ያህል ነግሬያችኋለሁ፤ ሽማግሌን ያቃተው ፍርድ ለእናንተ ቀርቷል። መምህርት አስካለን የአዋሽን መጨረሻ ያሳያቸው ልጅ የትኛው ነው? መኪናውስ ለማን ይገባል?