ሰላምታ የበዛበት ዋሻ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረት ይዤ መጥቻለሁ። «ይምጣ» በሉኝ እንጂ። እንዲህ በሰለለ ድምፅ ነው ተረት የሚጠራው? ይሁን፣ ለዛሬ ይቅርታ አድርጌላችኋለሁ።

ድሮ፣ ድንጋይ እንኳ አፍ በነበረው ዘመን፣ አውሬዎች በየገደሉ ዋሻ ዋሻቸውን ይዘው ይኖሩ ነበር። በሁሉም ላይ የሚያዝ ንጉሥ አልነበረም። ዝንጀሮዎች በዝንጀሮ ሕግ፣ ኤሊዎች በኤሊ ሕግ፣ ሽኮኮዎችም በሽኮኮ ሕግ ያድሩ ነበር። ወሬያቸውን ከዋሻ ወደ ዋሻ የምታደርስላቸው ገደል ማሚቶ ነበረች። አንዱ ከማዶ ሲጣራ ተቀብላ ወዲህ ትጣራለች። አትጨምርም፣ አትቀንስም።

የሽኮኮዎቹ ዋሻ ትንሽ ነበረች። ግድግዳዋ ላይ በየጎረቤቱ አቅጣጫ አንድ አንድ ቀዳዳ ነበራት፤ ገደል ማሚቶ የምትገባው በዚያ ነው። በየቀዳዳው ሥር ደግሞ ክረምት ሲገባ ዝናቡን የሚከለክል ውታፍ ድንጋይ ተቀምጧል። የቀዳዳዎቹ ጠባቂ እመት ሽኮኮ ነበረች። ማንም አልሾማትም፤ ዋሻዋን መጀመሪያ ጠርጋ የገባችባት እሷ ስለሆነች ብቻ ነው። ከዘመዶቿ ሌላ መጠጊያ ያጣ ሁሉ ሲመጣ «ግባ» ትል ነበር። ጃርትም ገባ፤ ቆቅም ገባች።

ታናሽ እህቷ ብርቄ ግን ከማዶ፣ በትልቁ የዝንጀሮዎች ገደል ነበር የምትኖረው። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርቄ «እትዬ፣ እንደምን ዋልሽ?» ትላለች፤ ገደል ማሚቶም ታመጣዋለች። እመት ሽኮኮ ይህን ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። በዚያ አገር ሰላምታ ሳይመልሱ መቅረት ትልቅ ነውር ነው። የተጠራ ሁሉ ቀዳዳው ድረስ ሄዶ «እግዜር ይመስገን፣ እናንተስ?» ማለት አለበት። የሚበላ ከሆነ ውጦ ይሄዳል፤ የተኛ ከሆነ ተነሥቶ ይሄዳል። ይህን ሁሉም ያውቃል። በዝንጀሮዎቹ ገደል ተጠግቶ የሚኖረው ቀበሮም አሳምሮ ያውቃል።

ያን በጋ እመት ቆቅ እንቁላል ታቅፋ ተቀመጠች። ያምናዎቹን እባብ በልቶባት ነበር ወደ ዋሻው የመጣችው። «የዘንድሮዎቹንስ ዓይናቸውን አያለሁ» እያለች ክንፏን ዘርግታባቸዋለች።

አንድ ቀን ጠዋት በማዶው ቀዳዳ ድምፅ መጣ።

«እመት ቆቅ፣ እንደምን አደርሽ?»

ቆቅ ተነሥታ ሄደች። «እግዜር ይመስገን፣ እናንተስ?»

«እኛስ ደኅና ነን። አንቺ ግን በዚያ በቀጭን እግርሽ ስትሄጂ ንፋስ እንዳይወስድሽ።»

ቀበሮ ሳቀ፤ ጓደኞቹም አጀቡት። ቆቅ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ገና ተቀምጣ ሳይሞቃት «እመት ቆቅ፣ ቤተሰብ ደኅና?» ተባለ። ተነሣች፤ መለሰች፤ ተሰደበች፤ ተመለሰች። ደግሞ «እመት ቆቅ፣ ከረምሽ?» ተባለ። ተነሣች፤ መለሰች፤ ተሰደበች፤ ተመለሰች። እንዲህ ሲሆን ዋለ፤ በማግስቱም እንዲሁ። እንቁላሎቹ መቀዝቀዝ ጀመሩ።

እመት ሽኮኮ ይህን አይታ ገደል ማሚቶን ጠራቻት። «አንቺ፣ ከዛሬ ጀምሮ የቀበሮን ድምፅ እንዳታመጪብኝ። የሌላውን አምጪ።»

«ደግ አደረግሽ፤ እኔም ጉሮሮዬ አልቋል» አለች ገደል ማሚቶ።

በማግስቱ ቀበሮ አፍንጫውን ይዞ እንደ ፍየል እያወራ መጣ። ያንንም ከለከለች። ድምፁን አቅጥኖ እንደ ወፍ ተጣራ። ያንንም ከለከለች። ይሄኔ ጓደኞቹን በየተራ ላካቸው።

«እንግዲህ ማንን ማን ልበል? ሁሉም ሰላም ነው የሚሉት፤ ስድቡ የሚመጣው ከኋላ ነው» አለች ገደል ማሚቶ፣ ድምፅዋ ሻክሮ።

እመት ሽኮኮ ሁለተኛ ዘዴ ፈለገች። ቀዳዳው አጠገብ ቆማ የማዶውን ገደል አለቃ ተጣራች። «አያ ዝንጀሮ፣ እባክዎ እነዚህን ልጆች ይምከሩልኝ። አንዲት እናት ታቅፋ እንዳትቀመጥ አደረጓት።»

አያ ዝንጀሮ ደረቱን እያከከ መለሰ። «እኔ በገደሌ የማንንም አፍ አልዘጋም። ደግሞስ ምን አደረጓት? ሰላም አሏት እንጂ። ሰላምታም ጥፋት ሆነ?»

«ሰላምታው አይደለም፣ ከኋላው የሚከተለው ነው።»

«ታዲያ ጆሮዋን ትድፈን» አለና ፊቱን አዞረ።

እመት ሽኮኮ ብግን አለች። ከቀዳዳው ሥር ያለው ውታፍ ድንጋይ ሲያዳምጥ ቆይቶ ተናገረ። «እመት ሽኮኮ፣ እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ለጌጥ ነው እንዴ? አንሺኝ።»

«እህቴስ?» አለች።

«እኔ ድንጋይ ነኝ። ከደፈንኩ ሁሉንም ነው የምደፍነው፤ መርጬ ማሳለፍ አልችልም።»

እመት ሽኮኮ ወደ ቆቅ ሄዳ እንቁላሎቹን ዳሰሰች። አንዱ ጭራሽ ቀዝቅዟል። ሌሎቹ ሙቀታቸው ገና አልጠፋም። ቆቅ ቀና ብላ አየቻት። ፀሐይዋ ስትጠልቅ «እትዬ፣ እንደምን ዋልሽ?» የሚለው ድምፅ መጣ።

«ብርቄ፣ እኅቴ፣ ስሚኝ» አለች እመት ሽኮኮ። «ቀዳዳውን ልደፍነው ነው። በአንቺ ከፍቶኝ እንዳይመስልሽ።»

ከማዶ የመጣው መልስ የቀበሮና የጓደኞቹ ሳቅ ብቻ ነበር። እህቷ ትስማት አትስማት አላወቀችም። ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ እያለቀሰች ድንጋዩን አንሥታ ቀዳዳውን ደፈነችው። ዋሻው ጭር አለ።

መጀመሪያ የተቆጣው ጃርት ነበር። እሾሁን አቁሞ መጣ። «እኔ በዚያ ቀዳዳ ስንት ወሬ እሰማ ነበር። ለመሆኑ አንቺን ማን ሾመሽ?»

«ማንም አልሾመኝም» አለች። «ወሬው ከናፈቀህ በእግርህ ሂድ፤ መንገዱ ክፍት ነው። ስትመለስም ቦታህ ይጠብቅሃል። ይቺ ግን እንቁላሎቿን ተሸክማ የት ትሂድልህ?»

ጃርት ቆቅን አየት አደረጋት። እያጉረመረመ እሾሁን አስተኛና ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ቆቅ ግን ልማድ ክፉ ነው፤ ማንም ሳይጠራት ብድግ ትላለች። ገደል ማሚቶ «ማንም አልጠራሽም፣ እናቴ፤ ተቀመጪ» ትላታለች። ውላ አድራ መደንገጧን ተወች። እንቁላሎቹም ሞቁ።

እመት ሽኮኮ ፀሐይ በጠለቀ ቁጥር ጆሮዋን ድንጋዩ ላይ ትለጥፋለች። «ምን ይላሉ?»

«ይሳደባሉ» ይላታል ድንጋዩ። «እኔ ግን ስድብ አይገባኝም።»

«ብርቄስ?»

«የእሷን ድምፅ አልሰማሁም።»

«አኩርፋኛለች» አለች እመት ሽኮኮ። እህልም አልበላ አላት። «በገዛ እጄ እህቴን አጣኋት» እያለች ከድንጋዩ ጎን መተኛት ለመደች።

አንድ ቀን ማታ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ፣ ከኤሊዎቹ ዋሻ በኩል ባለው ቀዳዳ ድምፅ መጣ። «እትዬ፣ እንደምን ዋልሽ?»

እመት ሽኮኮ ተነሣች፤ ግን ቶሎ አልመለሰችም። ቀበሮ ስንት ጊዜ ድምፅ ለውጦ እንደመጣ ታስታውሳለች። «ብርቄ ከሆንሽ ንገሪኝ። ስናጠፋ እናታችን የትኛውን ጆሮሽን ነበር የምትነክስሽ?»

«የኔን ግራውን። ያንቺን ግን ሁለቱንም፤ ዓመልሽ የከፋ ነበራ።»

እመት ሽኮኮ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። «ያቺን ማታ ሰምተሽኝ ነበር?»

«ሰምቼሻለሁ እንጂ። እኔም መልሼልሽ ነበር፤ ሳቃቸው ዋጠው። እትዬ፣ እኔንም እኮ ሲጠሩኝ ነበር የሚውሉት። ነውር እንዳይሆንብኝ ስመልስ፣ ስመልስ፣ ልጆቼን እንኳ በወጉ አላጠባሁም። አንቺ መድፈንሽን ሳይ ለካ አለመመለስም ይቻላል አልኩ። ልጆቼን ይዤ በእግሬ ወጣሁ። ኤሊዎቹ ቀስ ብለው ነው የሚቀበሉት፤ አሁን ግን ተቀብለውኛል።»

እመት ሽኮኮ ቁጭ አለች። ያን ማታ በልታ ጠገበች፤ አልጋዋም ላይ ሄዳ ተኛች።

ሲነጋ ዋሻው በጫጩት ድምፅ ተሞላ። ከቀዘቀዘው ከአንዱ በቀር ሁሉም ተፈልፍለዋል። ቆቅ ልጆቿን አንድ በአንድ በምንቃሯ ነካ ነካ አደረገቻቸው። ከዚያ በዚያ በቀጭን እግሯ ተራምዳ የኤሊዎቹ ቀዳዳ ጋ ደረሰች።

«እንደምን አደራችሁ» አለች። «እኔ ቆቅ ነኝ። ልጆቼ ደኅና ናቸው።»

እንዲህ ስትል ማንም አልጠራትም ነበር።

አያ ዝንጀሮና ቀበሮ እስከ ዛሬ በገደላቸው ይንጫጫሉ፤ አፋቸውን የዘጋ የለም። እመት ሽኮኮ የዘጋችው የራሷን ቀዳዳ ነው። እናንተም በራችሁን የሠራችሁት እንዲከፈትም እንዲዘጋም ነውና፣ ሰላም ያላችሁን ሁሉ ለመመለስ ብላችሁ የታቀፋችሁትን አታቀዝቅዙ።

ተረቴን እዚህ ላይ ወተፍኩት። እኔም እንደ ገደል ማሚቶ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ውኃ አቀብሉኝ።