የቁልፍ ቀዳዳ ያለው አግዳሚ

በቀጨሞ ሜዳ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሐሉ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ ያለው ረጅም የዋንዛ አግዳሚ ወንበር አለ። የቤቱ መግቢያ ግን እስከ ዛሬ መዝጊያ የለውም። ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ይሰበሰቡና አንዱ ተረት ያወራል፤ ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ በቀዳዳዋ «ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌሎቹም ጸጥ ብለው መልስ ይጠብቃሉ። ምክንያቱን የጠየቀ እንግዳ፣ ሽማግሌዎቹ ደስ እያላቸው የማይነግሩትን ይህን ታሪክ ይሰማል።

እንደሚነገረው፣ ቤቱን የሠራው አገሬው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጭቃ ረግጦ ነው። መዝጊያውን አናጢው ይርዳው ምስጥ ከማይደፍረው ዋንዛ ጠርቦ በነጻ ሰጠ። መጻሕፍቱ መጥተው ሲደረደሩ ግን ርእሰ መምህሩ መምህር ውብአንተ «የወረዳ እንግዶች ሳይመርቁት ልጅ አይነካውም» ብለው ቆለፉት። ክፋት አልነበረም ይባላል፤ ደህናውን ሰሃን ለእንግዳ ብሎ ቆልፎ ልጁን በቅል የሚያበላ አገር፣ መጽሐፉንም እንዲያው አደረገው። ወላጁም «ደግ አደረጉ» አለ፤ ይርዳውማ በመዝጊያው ጥንካሬ ኮርቶ ነበር።

የይርዳው ልጅ ስመኝ ከትምህርት በኋላ በቁልፉ ቀዳዳ ታጮልቅ ነበር። ከዚያ የሚታየው ሰማያዊ ልባሱ ላይ ጀልባ የተሳለበት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። ስመኝ ስለ ጀልባዋ ከልቧ እያፈለቀች ስታወራ፣ ውኃ መቅጃ ላይ ሲገናኙ ድንጋይ የሚወራወሩት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች እንኳ ደጃፉ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይሰሟት ነበር ይባላል።

እንግዶቹ ዛሬ ነገ ሲሉ ክረምቱ አለፈ። በመስከረም ስመኝን ወባ ጣላት።

«አባዬ፣ ያችን ሰማያዊዋን አምጣልኝ» አለችው። «ጀልባዋ ተሻገረች ብዬ ነው የነገርኳቸው። ልክ መሆኔን ልየው።»

ይርዳው ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄደ።

«ጋሽ ይርዳው፣ ለአንዱ ሰጥቼ ሌላውን በምን አፌ እከለክላለሁ? እንግዶቹ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ያኔ ራሴ አመጣላታለሁ» አሉት።

ይርዳው የመዝጊያውን ማጠፊያ በገዛ እጁ የመታ ሰው ነው፤ በመዶሻ ቢለው ይነቀልለት ነበር። ግን ይሉኝታ ይዞት ባዶ እጁን ተመለሰ። ስመኝ ቅዳሜን አላየችም።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ እንግዶቹ መጥተው በሩ ሲከፈት መጻሕፍቱን ምስጥ ከውስጥ ጨርሷቸው ልባሳቸው ብቻ ቀርቶ ተገኘ። ሰማያዊዋም ስትገለጥ አፈር ሆና ፈሰሰች። ምስጡ ያልነካው መዝጊያውን ነበር።

ይርዳው በዚያው ቀን መዝጊያውን ነቅሎ፣ ቀዳዳዋን ሳይደፍን አግዳሚ አድርጎ ሠራውና እዚያው ቤት ውስጥ አቆመው። «ልጆቹ ይቀመጡበት» አለ። እሱ ግን እስኪሞት አንድ ቀን አልተቀመጠበትም ይባላል።

ዛሬ ሌሎች መጻሕፍት አሉ፤ ልጆቹም በአቧራማ እጃቸው እየገለጡ ያነቧቸዋል። የጀልባዋን መጽሐፍ ግን ያገኘ የለም። ስለዚህ ዓርብ ሲደርስ አንዱ ያሻግራታል፣ አንዱ ያሰጥማታል፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ «ልክ ነው?» ይላል። በቀዳዳዋ የሚታየው ወለሉ ነው።