የመስቀል ወፍ አልበላ አለች

ጆሮ ያለው ይስማኝ፣ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ። ጋሽ ጓንጉል የሚባሉ አንድ ብቸኛ ሽማግሌ ነበሩ። መስከረም ሲጠባ በጓሯቸው ዘይቱን ዛፍ ላይ ሰፌድ ያንጠለጥላሉ፣ ዳጉሳ ይበትኑበታል፣ ከሩቅ አገር የምትመጣውን የመስቀል ወፍ ይጠብቃሉ። ዘንድሮም መጣች፤ ግን ከስታ አጥንቷ ወጥቷል። ነገ ደግሞ መንገደኛ ናት። ሳትበላ ከበረረች መንገድ ላይ መቅረቷ ነውና ሆዳቸው ባባ።

«ብይ እንጂ፣ የኔ እንግዳ» አሏት።

«ድመቷ ከሥር ተጋድማ እንዴት ልብላ?» አለች ወፏ።

ድመቷን ተነሺ አሏት። ድመት መቼ አንቱታ ታውቃለች፣ «ወተት ካልሰጠኸኝ አልነሳም» አለቻቸው።

ወደ ላሟ ሄዱ። «ላሜ፣ ወተት ስጪኝ፤ ወተቱ ለድመቷ፣ ድመቷ እንድትነሳ፣ ወፏ እንድትበላ።»

«ሣር ካላመጡልኝ አልታለብም» አለች ላሟ። እሷ እንኳን አክብራቸዋለች።

ወደ ሣሩ ወረዱ። «ሣሬ፣ ተነስ እንሂድ፤ ሣሩ ለላሟ፣ ወተቱ ለድመቷ፣ ድመቷ እንድትነሳ፣ ወፏ እንድትበላ።»

«ማጭድ ሳይነካኝ የትም አልሄድም» አለ ሣሩ።

ማጭድ ያላት ጎረቤታቸው ዘርትሁን ናት። ከእሷ ጋር ደግሞ ከተኳረፉ ዓመት ሆኗቸዋል። እግራቸው እየከበዳቸው ሄዱ።

«ዘርትሁን፣ ማጭድሽን አውሺኝ፤ ማጭዱ ለሣሩ፣ ሣሩ ለላሟ፣ ወተቱ ለድመቷ፣ ድመቷ እንድትነሳ፣ ወፏ እንድትበላ።»

«አላውስም፣ ጋሼ። አምና ስንት ሥራ ትቼ ልጠይቅዎ ብመጣ፣ ገና ከበር ‹የመስቀል ወፍ› ብለው ተቀበሉኝ። ጠፋሽ ብለው መውቀስዎ አይደል?»

ጋሽ ጓንጉል ግራ ገባቸው። «ኧረ እኔስ ማሞገሴ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በር በሩን እያየሁ የምጠብቀው ሌላ ማን አለኝ?»

ዘርትሁን አፈረች። ማጭዱን ይዛ ቀድማቸው ወጣች።

ማጭዱ ሣሩን አጨደ፣ ሣሩ ላሟን አጠገበ፣ ላሟ ወተቷን ሰጠች፣ ድመቷ ወተቱን ልትልስ ተነሳች፣ ወፏም ሰፌዱ ላይ ወርዳ እስክትጠግብ ለቀመች። በማግስቱ ማለዳ በረረች።

ጋሽ ጓንጉል ሽቅብ እያዩ ቅር አላቸው።

«ወፏስ ትሂድ» አለች ዘርትሁን፣ «እኔ ነገም እመጣለሁ።»

መጣችም። ከነገ ወዲያም መጣች። ከዚያም ወዲያ መጣች። ጋሽ ጓንጉልም «የመስቀል ወፍ» ብለው ሊጠሯት ቢፈልጉ እንኳ አልሆን አላቸው።