የተጠረገው ጓሮ

ፎቅ ላይ የሚኖረው ጎረቤቴ የድንቹንና የሙዙን ልጣጭ በፌስታል ቋጥሮ ለቆሻሻ መኪና ያስረክብና፣ በማግስቱ ለአበባው ጥቁር አፈር በጆንያ አሸክሞ ይመጣል። ይህን ባየሁ ቁጥር አንዲት ተረት ከአፌ ታመልጠኛለች። እሱ እንደ ስድብ ቆጥሯት አኩርፏል። ያኩርፍ። ተረቲቱ እንደሆነች ከመሬት አልተነሳችም፤ ከብት የሞላው፣ እህል የተረፈው፣ ልብ ብቻ የጎደለው አንድ ሰው አለባት።

ሰውየው አያ ስንሻው የሚባል የዳሞት ገበሬ ነበር። እነሱ መንደር ከየቤቱ ጀርባ የጉድፍ ቦታ አለ። የምድጃው አመድ፣ የበረቱ እበት፣ የእህሉ ገለባ፣ የሽንኩርቱ ልጣጭ ሁሉ እዚያ ይከመራል፤ ሲበሰብስ ክረምት ሳይገባ በጓሮው ይበተንና ጎመኑን፣ ዱባውን፣ ጌሾውን ያፋፋል። የስንሻው ክምር ታዲያ ከጎጆው ክዳን ሊተካከል ምንም አልቀረው።

አንድ ጊዜ ለሙግት ከተማ ወርዶ ሲመለስ የዳኛውን ግቢ እያነሳ ሰው አላስቀምጥ አለ። እንዴት እንደተጠረገ፣ ሣሩ እንዴት እንደተነጠፈ፣ ዝንብ የሚባል እንደሌለበት። በዚሁ መሃል ሴት ልጁን የዝናን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሎች ከወንዝ ማዶ፣ ከደህና ቤት እንደሚመጡ ተነገረው። የዝናም ሊያገባት ያሰበውን ጎረምሳ ገበያ አይታው ወዳዋለች፤ ሽማግሎቹ የሚመጡበትን ቀን እየጠበቀች እህል አልበላ ብሏታል። ስንሻው «ሽማግሌ በጉድፍ መሃል አላሳልፍም» ብሎ ማለ። ሚስቱ እናኑ ተው፣ ጓሮዬን አታስርብብኝ ብትለው አንቺ ምን ታውቂና አላት። አዋቂው እሱ ነዋ፤ ከተማ ደርሶ መጥቷል!

ጎረቤታቸው ሙጭት ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጅና አንዲት ላም ብቻ የቀሯት ሴት ነበረች። በአንዲት ላም እበት ደግሞ ጓሮ አይደልብም። ስንሻው ቤቷ ሄዶ ክምሩን አንሺልኝ ብሎ ሲለምናት ጆሮዋን አላመነችም።

«አያ ስንሻው፣ ኋላ ይቆጭሃል» አለችው።

«ጉድፍ ነው የሚቆጨኝ? እንዲያውም ለድካምሽ አንድ እንቅብ ገብስ እጨምርልሻለሁ።»

ጨመረም። ሙጭትና ልጇ በቅርጫት እያመላለሱ ክምሩን ከነትሉ ወሰዱት። ስንሻው ባዶውን መሬት አስጠረገና ሣር አስነጠፈበት። ቆሞ ሲያየው የዳኛው ግቢ ራሱ መሰለው።

ሽማግሎቹ መጡ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። አውራቸው አባ ይርዳው ግን የአገሩን ወግ ያውቃሉ። አማች ሲመረጥ እልፍኙን አይቶ የሚመለስ ሞኝ ነው፤ የቤት ኑሮ የሚታየው በጓሮው ነው። ወጣ ልበል ብለው ወደ ጀርባ ዞሩ። ሣሩን በምርኩዛቸው ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ከብት አለህ?»

«ሞልቶኝ፣ አባ። መስክ ተሰማርተው ነው።»

«ታዲያ እበታቸውን የት ይጥላሉ?»

ስንሻው ቆይተው ከብቶቹ ሲገቡ ይዩልኝ እያለ ተማጠነ። አባ ይርዳው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዘመድ ላም ተውሶ ለአንድ ቀን በረቱን የሞላ ሰው በዕድሜያቸው አይተዋል፤ ጉድፍ የተዋሰ ግን አላጋጠማቸውም። ይኼኔ ያ በጉድፉ ሲያፍር የነበረ ሰው ሽማግሎቹን እየመራ ሙጭት ጓሮ ወሰዳቸው። በክምሩ ላይ ቆሞ የኔ ነው፣ ማርያምን የኔ ነው እያለ ይምላል። ሙጭት ስትጠየቅ ያለውን ተናገረች፤ የሱ ነበር፣ አንሺልኝ ብሎ ለመነኝ፣ ገብስም ጨመረልኝ አለች።

ስንሻው እፎይ አለ። ድሃ አለመሆኑ ታወቀለታ! አባ ይርዳው ግን ምርኩዛቸውን አነሡ።

«ድሃስ ብትሆን ይሻል ነበር። ሀብቱን ገብስ ጨምሮ የሚያስወግድ ሰው የኛን ማጫ ለማን ጎረቤት እንደሚያሸክም ማን ያውቃል?»

በዚሁ ሄዱ። የዝናም ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔን የሚያንገበግበኝ የሷ ነገር ነው፤ አባቷማ የእጁን ነው ያገኘው።

ክረምቱ ገባ፣ የፍልሰታ ጾም ደረሰ። ሥጋና ወተት በማይቀመስበት በዚያ ወቅት የቤቱ ወጥ የጓሮ ጎመን ነው። የስንሻው ጎመን ቢጫ ሆኖ ከመሬት ሳይነሣ ቀረ፤ የሙጭት ግን አጥር ዘሎ መንገደኛ ይጎትታል። አንድ ቀን እናኑ ቅርጫቱን አንሥታ ባሏ እጅ ላይ አኖረችው።

«አንተው ሂድ፤ የሰጠኸውም አንተው ነህ።»

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሙጭት ቤት ሲገባ ሰው ሞልቶ ጠበቀው። እነ አባ ይርዳው ያኔ የዝናን የጠየቁለትን ጎረምሳ ነገር ይዘው መጥተው፣ የሙጭትን ልጅ ጠይቀው፣ እሺ ተብለው ምርቃት ላይ ደርሰዋል። ስንሻው እደጁ ላይ ተገትሮ ቀረ፤ ቅርጫቱን ከጋቢው ሥር ሊደብቅ ቢሞክርም አልገባለትም። ሙጭት ወጥታ ጎመኑን ቀጥፋ፣ እስኪተርፍ ሞልታ አስታቀፈችው። አባ ይርዳው ቅርጫቱን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ ወደ ባልንጀሮቻቸውም ዞር ብለው «ጉድፉን ጠልቶ፣ ጎመን ለመነ ጎረቤት ገብቶ» አሉ።