የነጣችው ቀንድ አውጣ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኝ።

አንዲት ቀንድ አውጣ ወንዝ ዳር ትኖር ነበር። አንድ ቀን በእንዶድ የታጠበ ነጠላ፣ ወተት መስሎ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ አየችና ቀናች። እንዶድንም «ይህን የሚያስጠላ ልጋጌን እጠብልኝ» አለችው።

እንዶድ ክው አለ። «ኧረ በፈጠረሽ! እኔ የጨርቅ ማጠቢያ ነኝ። ቆዳሽን የሚጠብቅልሽ ልጋግሽ ነው።»

«የእግዜር ተክል አይደለህ? ደግሞ ተክል ማንን ይጎዳል!» ብላ አረፋው ውስጥ ተነከረች።

ከሰዓት ጎረቤቷ እንቁራሪት ስትመጣ የቀንድ አውጣዋን ቅርፊት ከነጠላው ይበልጥ ነጥቶ አገኘችው።

«ጉድ! አንቺ፣ ምን ተቀብተሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ?» ብላ ጎንበስ አለችና ወደ ውስጥ አየች።

ውስጡ ባዶ ነበር። አረፋ ብቻ ቀርቷል።

ተረቴን መልሱልኝ፤ እኔስ አፌን መክደን አቅቶኛል።