የመዳሰሻው ድንጋይ

በላይ አምባና በታች አምባ መካከል፣ ንቦች ማር ከሚሠሩበት ገደል ግርጌ፣ መዳሰሻ የሚባል ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። በየዓመቱ ማር ሊቆረጥ ሲል የሁለቱ አምባ ልጆች እዚያ ይሰበሰቡና ዓይናቸው በነጠላ ታስሮ ሁለት የጠፍር ቁራጭ ይሰጣቸዋል፤ አንዱ በቢላ የተቆረጠ፣ አንዱ በአይጥ የተበላ ነው። ጫፉን ዳስሶ ያልለየ ልጅ አድጎም ጠመንጃ አይይዝም። ልማዱ የመጣው ከጓንጉል ነው ይባላል።

ጓንጉል የላይ አምባ ጠፍር ሠሪ ነበር። ገደሉ የኛ ነው፣ የለም የኛ ነው እየተባባሉ ሁለቱ አምባዎች ሲነታረኩ ኖረዋል፤ አንድ የገበያ ቀንም የታች አምባው ወሌ፣ «ጋሼ ጓንጉል፣ ጠፍርህ እንዳፍህ የጠነከረ መስሎሃል? የሚወርድበት ያየዋል!» ብሎ ሰው አስቆበት ነበር። በሳምንቱ የጓንጉል ልጅ ሽበሺ ማር ሊቆርጥ በዚያው ጠፍር ተንጠልጥሎ ሲወርድ፣ ጠፍሩ ተበጠሰና ወድቆ ሞተ።

እንደሚነገረው፣ ከቀብር መልስ፣ ሽበሺ በወደቀ ዕለት ወሌ በገደሉ አፋፍ ላይ ታይቶ ነበር የሚል ወሬ ለጓንጉል ደረሰው። «ወጥተን ጠፍሩን እንየው» ያሉት ነበሩ።

ጓንጉል ግን፣ «ምኑ ይታያል? በአፉ የዛተውን በእጁ ሠራው!» አለና ጠመንጃውን አንሥቶ ወንዝ ዳር አደፈጠ። ወሌ ብቻውን፣ አንድ ነገር በእጁ ጠቅልሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ላይ አምባ ሲመጣ ተኮሰበት። ወሌ እዚያው ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ የወሌ እናት እመት አትጠገብ ከጓንጉል ደጅ ቆሙ። አላለቀሱም። የወሌ ወንድሞች ጠመንጃ ይዘው ከኋላቸው ነበሩ።

«ይህን ከልጄ እጅ አላቅቄ ነው ያመጣሁት» አሉት። «ሽበሺ ሲወድቅ ጩኸት ሰምቶ አፋፉ ላይ ወጣ። ቀሪውን ጠፍር ታስሮበት ከነበረው ወይራ ፈትቶ፣ ላንተ ሊያሳይህ ይዞልህ ሲመጣ ነው የገደልኸው። በል፣ ዓይንህን ጨፍንና ዳስሰው።»

ጓንጉል ዳሰሰው። ቢላ የቆረጠው ጠፍር ጫፉ ቀጥና ለስለስ ያለ ነው፤ ይህ ግን ዳር ዳሩ በጥርስ ተፈርፍሮ፣ መሐሉ ብቻ ተስቦ የተበጠሰ ነበር። ሽታው የቅቤ ነው። እንዳይደርቅ ብሎ ቅቤ ቀብቶ ክረምቱን ሙሉ ጎተራ ሥር ያኖረው፣ ሲያወጣውም ሳያየው ለሽበሺ የሰጠው ራሱ ነው። ጣቱ ያንኑ ጫፍ ደጋግሞ ይዳስስ ነበር ይላሉ።

ከዚያም፣ «እመት አትጠገብ፣ አይጥ ነው» አለ። «ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ልጆችዎ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

ወንድማማቾቹ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። እናታቸው ግን መሐል ገብተው፣ «ተዉ! ይሄ ከሞተ ጣቱ ያወቀውን ማን ይነግርልኛል? ነገ ደግሞ የሱ ወገን ሳያይ ሳይጠይቅ እናንተን ሊገድል ይመጣል። ይኑርና የወሌን ልጆች ያስዳስስ፣ የራሱንም ወገን ልጆች ያስዳስስ። ደሙን እስኪሞት በዚህ ይክፈል» አሉ ይባላል።

ጓንጉልም ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አስዳሰሰ። ቸኩሎ «ቢላ ነው!» የሚል ልጅ ሲያጋጥመው አይቆጣም ነበር፤ ጠፍሩን መልሶ በእጁ ያኖርለትና፣ «እኔም እንዲያ ብዬ ነበር» ይለዋል።

ዛሬም በመዳሰሻ ልጅ ሲሳሳት አይሳቅበትም። የሁለቱ አምባ ሽማግሌዎች ጠፍሩን መልሰው ይሰጡትና «ጓንጉልም እንዲያ ብሎ ነበር» ይሉታል፤ ልጁም ዓይኑ እንደታሰረ እንደገና ይዳስሳል።